ወደ ዩኒቨርሲቲው የተላኩት ሽማግሌዎች

ጋሽ ሀብተወልድ ጄኔቭ ከተማ አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ከነዚህ ውስጥ አርባውን ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወጥተው በሱዳን በኩል እዚህ ሲደርሱ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የውጭ አገር ልጆችን ለዩኒቨርሲቲ የምታዘጋጅ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ገቡ። ሦስት ሐበሾች ነበሩባት። ሁለቱ ዓመቱን ጨርሰው ተሻገሩ። የጋሽ ሀብተወልድም የመግቢያ ደብዳቤ እጃቸው ገብቶ ነበር፤ ግን ፈረንሳይኛዬ ትንሽ ይብሰል አሉ። ሒሳቤ ትንሽ ይጥና አሉ። ይህ ብርድ ይለፍልኝ አሉ። እንዲህ እያሉ ለከርሞ አስተላለፉት። ከርሞ መጣ። ከርሞ ቀጠሮ አፍርሶ አያውቅም፤ ቀጠሮ የሚያፈርሰው ሰው ነው። እሳቸው በመሐል ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ምድር ቤት፣ ከደብዳቤ ክፍል ሥራ አግኝተው ነበር፤ በጋሪ እየገፉ በየፎቁ ደብዳቤ ሲያድሉ ኖሩና በክብር ጡረታ ወጡ።

ሥራው አያሳፍርም። ስንት ሰው ደብዳቤ እንደ ዝናብ ይጠብቃል፤ ያን የሚያደርስ እጅ የተባረከ ነው። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። እኒህ ሰው አንድም ቀን «አልተማርኩም» ብለው አያውቁም። «ትምህርቴን ለጊዜው ገታ አድርጌ» ነው የሚሉት፤ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ የአንገት ልብሳቸውን እያስተካከሉ፣ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው። ረቡዕና ቅዳሜ ፕላንፓሌ አደባባይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አይጠፉም። የሚገዙት መጽሐፍ ነው። የሌላ ተማሪ ስም የተጻፈበት፣ የሌላ ተማሪ እርሳስ ያሰመረበት፣ ሌላው ተማሪ ጨርሶት የጣለው መጽሐፍ። ያገራችን ዘፋኝ ያን ጊዜ ከአደባባዩ ዳር ማሲንቆውን ይዞ ቢቀመጥ ኖሮ እንዲህ ብሎ በሸኛቸው ነበር፦

ለከርሞ እያለ ቆሞ ከወንዙ ዳር፣
ዋናተኛው ሁሉ ተሻግሮ ሲያድር፣
እሱ ልብሱን ይዞ ይጠብቃል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው የኛ ሰው ነው። ከበር ላይ አርባ ዓመት የቆመን ሰው ስለ ቤቱ ውስጥ እንጠይቃለን። ሐበሻ ከሚበዛበት ከኦኔ ሰፈር ፎቆች አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሊቀይር ሲያስብ እናቱ መጀመሪያ የምትደውለው ለጋሽ ሀብተወልድ ነው። መልሳቸው ለሁሉም አንድ ነው፤ አትቸኩል። ኪሩ የሚባል ፊዚክስ እንደ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርተህ፣ እጅህን አፍታተህ ግባ አሉት። አሁን አየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ሥራዬን አልጠላውም ይላል ኪሩ፤ ጋሽ ሀብተወልድን ግን ሰላም አይልም። እሳቸውም ይህን የሚቆጥሩት ከዘመኑ ልጆች ስድነት ነው።

ማራኪ የመጣችላቸው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። መጣችላቸው ይባል እንጂ እሷ አልመጣችም፤ ያመጧት አክስቷ እትዬ ሕብስት ናቸው።

እትዬ ሕብስት ኦኔ ውስጥ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ይሠራሉ፤ ማራኪን ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ እንደ ልጃቸው አሳድገዋል። ልጅቷ ስትመጣ አንድ ቃል ፈረንሳይኛ አታውቅም ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ቋንቋውን ጨርሳ፣ ትምህርት ቤቱን ጨርሳ፣ ነርስነት ከሚያስተምረው የሙያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባች። የጄኔቭ ሐበሻ «ኦት ኤኮል» የሚለው ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ሆስፒታል ለልምምድ ስትወጣ ነጭ ልብስ ለብሳ ያያት የኦኔ ሐበሻ ሁሉ ለእትዬ ሕብስት እንኳን ደስ ያለዎት ይል ነበር።

ማራኪ ግን ልቧን ወንዝ ወስዶባት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የሚያበቃ አንድ ፈተና አለ፤ ፓስረል ይሉታል። ማራኪ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው ለዚያ ተመዝግባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጠና ነበር። አንድ ቀን የፓስረሉ ዝግጅት የጂኦግራፊ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሮንና አርቭ የተባሉት ወንዞች ወደሚገናኙበት ቦታ ወሰዷቸው። አንዱ ወንዝ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ለመቀላቀል የሚያቅማሙ፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች የሚተፋፈሩ። አስተማሪው ያን ግራጫ ውሃ አሳይተው ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ ተራራ ነው አሏቸው፤ በረዶው ፈጭቶት ወደ ባሕር የሚጓዝ ተራራ። ማራኪ በውሃ መጠጫ ጠርሙሷ ቀድታ ቤት ወሰደችው። ከመስኮቷ ላይ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ውሃው ጠርቶ፣ ከታች አንድ ጣት የሚያህል አመድ የመሰለ ነገር ተኝቶ አገኘችው። ያን አመድ ያየችበት ዓይን፣ እናት የተኛ ሕፃን የምታይበት ዓይን ነበር።

ድንጋይስ ያወራል ጆሮ ላለው ሁሉ፤
ያልሰሙት ናቸው ዲዳ ነው የሚሉ።

ከዚያ ወዲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ስለ ምድር፣ ስለ ተራራና ስለ ድንጋይ መማር። ፈተናውን አለፈች። ውጤቱ በጃንዋሪ መጨረሻ መጣ፤ ለዩኒቨርሲቲው መመዝገቢያው ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ያበቃል።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አሁን ከተሻገረች ሁለት ዓመት የደከመችበት ነርስነት ሜዳ ላይ ይቀራል። ጨርሳ ልሻገር ካለች ደግሞ የተማሪ ድጎማዋ ያልቅባታል፤ ድጎማው ትምህርት መቀየርን አንድ ጊዜ ይፈቅዳል፣ ዲፕሎማ ይዞ ሁለተኛ ትምህርት ለሚጀምር ግን አይከፍልም። ስለዚህ «ኋላ» የሚባለው ነገር ለማራኪ ስም ብቻ ነበር። ወይ ዘንድሮ፣ ወይ መቼም።

እትዬ ሕብስት ይህን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። የእትዬ ሕብስት ፍርሃት የሚናቅ አይደለም። በሰው አገር ነርስ እንጀራ ናት፣ ነርስ ፔርሚ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ናት፣ ነርስን ማንም ከየት መጣሽ አይላትም። ድንጋይ የተማረችን ማን ይቀጥራታል? ጎረቤቶች ደግሞ የሚሉትን አሉ። ድንጋይ ካማራት ድንጋይ ያገሯ ሞልቶ የለም ወይ አለች አንዷ፤ ሌላዋ ስዊስ ድረስ መጥቶ ድንጋይ መማር ለልመና ዘውድ ደፍቶ መውጣት ነው አለች። እትዬ ሕብስት የጎረቤቶቹን ሳቅ እንደ እሾህ ዋጡና ስልኩን አነሱ፤ ለጋሽ ሀብተወልድ ደወሉ።

ጋሽ ሀብተወልድ ጉዳዩን በጥሞና ሰሙ። ስለ ድጎማው ሲነገራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። ይህ የሕግ ጉዳይ አይደለም፣ የሽምግልና ጉዳይ ነው አሉ። ሁለት ወገን ካለ ሽማግሌ አለ። ልጅቷ አንድ ወገን ናት፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ ወገን ነው፤ ሁለቱን አቀራርቦ ቦታውም ድጎማውም ሁለት ዓመት እንዲጠብቃት ማድረግ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ በወረቀት ሄዳ ታበላሸዋለች፤ ሽበት ሲሄድ ግን ሌላ ነው። በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ደጁን አርባ ዓመት ከውጭ ባዩት ዩኒቨርሲቲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገቡበት ምክንያት አገኙ።

ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ከሩቅ የመጣ ሽማግሌም ቃሉ ይከብዳል። ስለዚህ ጋሽ ሀብተወልድ ባቡር ተሳፍረው፣ ሎዛንን በርንን ዙሪክን አልፈው ቪንተርቱር ወረዱ። ሽማግሌ በስልክ አይጠራም ብለው ነው። እዚያ አቶ ከፈለ አሉ። አቶ ከፈለ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የዙሪክ ሰዎች በሚናገሩት ጀርመንኛ የሚቀልዱ፣ ምን ነበር ሥራህ ሲባሉ «አጣቢ» ብለው ዝም የሚሉ ሰው ናቸው። ጋሽ ሀብተወልድ ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ሽምግልና ክብር ነገሯቸው። አቶ ከፈለ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ልጅቷ ምን ትላለች?»

«ልጅቷ ልጅ ናት።»

«ቢሆንም አፍ አላት።»

«አቶ ከፈለ፣ ሽማግሌ ሙሽራይቱን ጠይቆ አያውቅም» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ፤ ነገሩ አለቀ። አቶ ከፈለ ከጥንት ወዳጅ ጥሪ የሚቀሩበት ወግ ስላላገኙ ሱፋቸውን አስተኮሱ።

ዓርብ ዕለት ሁለቱ ሰዎች ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፍተው ከዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ቢሮ ደረሱ። ከበሩ ላይ ጋሽ ሀብተወልድ ሰው ወጥቶ እንዲቀበላቸው ቆም አሉ። በሩ መስታወት ነው፤ ሰው ሲጠጋው ራሱ ይከፈታል፣ ሲርቅ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘጋባቸው።

ሽማግሌ ላኩ ለመስታወት ደጅ፣
አባት ለሌለበት፣ ለማያውቅ ወዳጅ።

ውስጥ ሲገቡ የተራ ቁጥር ከማሽን ይወሰዳል። ጋሽ ሀብተወልድ ሽማግሌ ቁጥር አይጎትትም አሉ፤ የጎተቱት አቶ ከፈለ ናቸው። ተራቸው ሲደርስ ጋሽ ሀብተወልድ ከጊሼው፣ ከአገልግሎት መስኮቱ ፊት ቆመው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ አርባ ዓመት ባበሰሉት ፈረንሳይኛ ጀመሩ። ስለ ጤና ጠየቁ። ስለ ብርዱ ተናገሩ። ለካንቶኑ ሰላም ተመኙ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት ወጣት ናት፤ መነጽሯን ወደ ጸጉሯ ሰቅላ በትዕግሥት ሰማች። በምን ልርዳዎት አለች። እኛ ከእግርዎ ሥር የቆምን ሽማግሌዎች ነን አሉ። ወንበር እዚያ ጋ አለ ብላ አሳየቻቸው። እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም አሏት። ለምኑ እሺ እንደምትል ጠየቀች። ያን ጊዜ የማራኪን ስም አነሡ።

ሴትየዋ ስለ ሌላ ሰው ማመልከቻ ለማንም መናገር እንደማትችል ነገረቻቸው። ጋሽ ሀብተወልድ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የልጅ ቤተሰብ መጀመሪያ እንቢ ማለቱ ወግ ነው፣ ቶሎ እሺ ያለ ልጁን አቀለለ። እንደገና ከጤና ጀመሩ። ተራቸውን የሚጠብቁት ተማሪዎች ጣራ ጣራ ያዩ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሴትየዋ ስለ ምዝገባ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሾለከችላቸውና ልጅቷን ይዛችሁ ተመለሱ አለች።

ተመለሱ! ጋሽ ሀብተወልድ ከዚህ በላይ የሚፈልጉት አልነበረም። ባገራቸው ሽማግሌ «ሂዱና ተመለሱ» ከተባለ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ የቀረው የድግሱ ቀን ነው። እጅ ነስተው፣ ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ወጡ። መውጫው ላይ አንዲት ተማሪ ረገጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ጋሽ ሀብተወልድ ተነሥተው ነገሩን ለምእመናን ሁሉ አሰሙ። ዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ አክብሯል፤ የማራኪ ቦታ ሁለት ዓመት ይጠብቃታል፤ ነርስነቷን ጨርሳ፣ ረጋ ብላ ትገባለች። እልል ተባለ። እልል ያሉት ምንም የማያውቁ ሰዎች እኮ አይደሉም፤ በየቢሮው አሥር ጊዜ ሄደው አሥር ጊዜ ወረቀት የጎደላቸው፣ አንድ ቀን ሲያልፍ ምን እንደሚደርስ በየፔርሚያቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሽበት ሲናገር የተማሩት ሁሉ ይተናል። እልል አሉ።

ማራኪም እዚያ ነበረች። የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም፤ የተሰማት ዕረፍት ነበር። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣትን ነገር ሌላ ሰው ወሰነላት። ሳትመርጥ ሁለቱንም አገኘች። ጠርሙሱን ከመስኮቷ አንሥታ ከአልጋዋ ሥር አደረገችው፤ ለሁለት ዓመት።

እትዬ ሕብስት ደግሞ ምስጋና አያድርም ብለው ለአቶ ከፈለ ደወሉ። አቶ ከፈለ ዙሪክ ቅዳሴ አስቀድሰው ወደ ባቡር ጣቢያ እየሄዱ ነበር። ምስጋናውን ሰሙ። ለምኑ ነው አሉ። ለእሺታው ተባሉ። የዙሪክ ትራም ደወል በስልኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ልጅቷን ስጡኝ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ፈረንሳይኛ አልሰማም» አሏት። «ግን የሴትየዋን ፊት አይቻለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሺ ያለ ፊትና የደከመው ፊት ይለይልኛል። የሰጠችን ወረቀት ላይ ደግሞ ሃያ ስምንት፣ ነጥብ፣ ሁለት ይላል። ቁጥር በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው። እዚህ አገር ቀን ከተጻፈ ቀኑ ነው።»

«እሺ አላሉም እንዴ?»

«ማንም እሺ አላለም። እኔም ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ፤ ወዳጄን ሰው ፊት ላለማሳፈር ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው። መግባት አለመግባቱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሺ ተብሎልኛል ብለሽ ግን እንዳትተኚ።»

ማራኪ ሰኞና ማክሰኞ ሆስፒታል ልምምድ ነበረች። አንሶላ ቀየረች፣ ሙቀት ለካች፣ አንድ አዛውንት እጇን ይዘው ጥሩ ነርስ ነሽ አሏት። እውነታቸውን ነበር፤ ጥሩ ነርስ ነበረች። ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። መጥፎ ብትሆን ኖሮ መሄድ ቀላል ነበር። አቶ ከፈለ የነገሯትን ለአክስቷ ስትነግራቸው እትዬ ሕብስት አላመኑም፤ ሽማግሌ አይዋሽም አሉ።

ረቡዕ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ማራኪ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ጋሽ ሀብተወልድን አገኘቻቸው። አንድ ጀርባው የተላጠ የሒሳብ መጽሐፍ እያገላበጡ ነበር።

«ጋሽ ሀብተወልድ፣ ቦታው ይጠብቃታል ብለው ለሰው ተናግረዋል። ሴትየዋ ምንድነው ያለችው?»

«ልጅቷን ይዛችሁ ተመለሱ ብላለች። ይህ በሽምግልና ትልቅ ነገር ነው።»

«እኔን ይዛችሁ ተመለሱ ማለት እሺ ማለት አይደለም። ምዝገባው ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይዘጋል።»

«ይዘጋል፣ ይከፈታል» አሉ ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ። «ትምህርት የት ይሸሻል? በየዓመቱ አለ።»

«የእርስዎስ? ቦታ ነበረዎት ይባላል።»

«ነበረኝ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለ፤ አስቀምጬዋለሁ።»

«ታዲያ ማን ከለከለዎት?»

ጋሽ ሀብተወልድ መጽሐፉን ዘጉ። አደባባዩ ላይ ንፋስ ነበር፤ የአንገት ልብሳቸው ጫፍ ፊታቸውን ይመታው ነበር፣ አልያዙትም። ለአንድ አፍታ ያ ሁሉ የአርባ ዓመት ወሬ ከፊታቸው ላይ ወረደና ያ የሃያ ስድስት ዓመቱ ልጅ ብቅ አለ፤ በፍርሃት የደረቀ፣ እንዳይወድቅ ብሎ ያልተነሣ ልጅ።

«ማንም አልከለከለኝም» አሉ። «አንድ ዓመት ብቻ ነበር ያስተላለፍኩት።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ሰው በሆኑ ነበር። ያችን አንዲት እውነት ለልጅቱ ሰጥተው ቢሄዱ ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ይሠረይላቸው ነበር። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀና አሉ፤ ጋዜጣቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ።

«ደግሞስ ምን ጎደለኝ? ጡረታዬ አለ፣ ስሜ አለ፣ ሰው ያማክረኛል፣ ካለኔ ጉዳይ አይፈጸምም። ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ረጋ ካልሽ አንቺም አንድ ቀን እንደኔ ትሆኛለሽ።»

ምርቃት መስሏቸው ነው ያሉት፤ እጃቸውንም እንደ መራቂ ዘርግተው ነበር። ማራኪ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቆዳው የደብዳቤ ፖስታ ይመስላል፤ ታሽጎ ሳይከፈት የኖረ። ርግማን በዚህ ያህል ፍቅር ሲነገር ሰምታ አታውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ» አለች። «መስማት የፈለግኩት ይህን ነበር።»

ከአደባባዩ እስከ ቢሮው የእግር መንገድ ነው። ሮጠችው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ብስክሌት ይርመሰመሳል፣ ትራም ያልፋል፣ ከእሷ በዕድሜ ያነሱ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው እየሳቁ ይሄዳሉ፤ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም ከደጅ ቆሞ የማንንም እሺታ አይጠብቅም። ከጊሼው ስትደርስ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰቀለችው ያችው ሴት ነበረች። ማራኪ ስሟን ስትነግራት ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ እነዚያን ሁለት ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ ልትል ፈልጋ ተወችው። ወረቀቶቹን ተቀበለች፣ ቆጠረች፣ ማኅተም መታች። ሁሉ ነገር ከዘጠኝ ደቂቃ አልበለጠም። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ የባቡር ጉዞ፣ አንድ አዳራሽ እልልታ ያልፈጸሙትን ነገር አንዲት ልጅ በዘጠኝ ደቂቃ ፈጸመችው።

ቤት ገብታ ለአክስቷ ነገረቻቸው። እትዬ ሕብስት አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ሁሉን አጥበው ገብተው ተኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማራኪ በቀጥታ የተናገሩት ቃል የለም። እራቷን ከድነው ጠረጴዛ ላይ ይተዉላታል። አንድ ነገር ከፈለጉ ለግድግዳው ይነግሩታል፤ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ፖስታ መጥቷል፣ ይላሉ ለግድግዳው። ማራኪ በጁን ከነርስ ትምህርት ቤት ተሰናበተች። በሴፕቴምበር አጋማሽ የድንጋዩን ትምህርት ጀመረች። የመጀመሪያውን ሳምንት ከሚነገረው ግማሹ አልገባትም፤ ከክፍሉ መጨረሻ ተቀምጣ የማታውቀውን ቃል ሁሉ በአማርኛ ፊደል ትጽፍ ነበር። ነርስነቱ የናፈቃት ቀንም ነበር። ተሳስቼ ይሆን ያለችበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም።

የመስቀል ዕለት ኦኔ አዳራሽ ውስጥ ሐበሻው ተሰብስቦ ነበር። ምግብ ከተበላ በኋላ ጋሽ ሀብተወልድ ብርጭቆ ይዘው ተነሡ። የምርቃቱ አንቀጽ ካለፈ በኋላ በዚህ ዓመት በሽምግልና ስለተፈጸሙ በጎ ነገሮች ተናገሩ። አንድ ጋብቻ። አንድ ዕርቅ። ከዚያ ወደ ማራኪ ዞር ብለው በአባት ፈገግታ አመለከቷት።

«ይችን ልጅ ደግሞ» አሉ፣ «ዩኒቨርሲቲ ያስገባናት እኛ ነን።»

ጭብጨባ ተጀመረ። ማራኪ ብድግ አለች፤ ልታመሰግን መስሏቸው ጭብጨባው ደመቀ።

«አላስገቡኝም» አለች ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ሊያስቀሩኝ ነበር።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ጋሽ ሀብተወልድ ሳቅ አሉና የዛሬ ልጆች ውለታ ቢዘሩባቸው እንኳ አይበቅልባቸውም አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ወይዘሮ የሻረግ፣ ያኔ ስለ ልመናና ስለ ዘውድ የተናገሩት ጎረቤት፣ አሳዳጊ የበደላት ብለው አጠገባቸው ላለችው ሹክ አሉ፤ ሹክታቸው ግን እስከ ዳር ይሰማ ነበር። ሁሉም ወደ እትዬ ሕብስት ዞረ፤ ይቅርታ ጠይቀው የሚያስቀምጧት መስሏቸው።

እትዬ ሕብስት የሚያጥፉትን የመሶብ ጨርቅ አስቀመጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ሊያስቀሯት ነበር። እኔ ነኝ የላክኋቸው።»

ጋሽ ሀብተወልድ ብርጭቋቸውን ይዘው ትንሽ ቆሙ፤ የሚጠጡለት ነገር ስላጡ አስቀመጡት። እትዬ ሕብስት ከሰባት ወር በኋላ ፊታቸውን ወደ ማራኪ መለሱ፤ ቁጣቸው እንዳለ ነው፣ ከንፈራቸው እንደተጨመቀ ነው።

«ነገ ለትምህርት ተራራ ትወጣላችሁ አሉ» አሏት። «ያን ድንጋይ ስትፈልጊ ስትውዪ ምሳ ማን ይሰጥሻል?»

ማራኪ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። እትዬ ሕብስት ከጠረጴዛው ላይ ሳህን አንሥተው፣ ከተረፈው ወጥ መልካም መልካሙን መምረጥ ጀመሩ።